የዳኛው የትምባሆ ከረጢቶች

ብስክሌት ጠጋኙ ሲሞት ለሁለት ልጆቹ የተረፋቸው ሁለት የትምባሆ ከረጢት ነው። አንዱ ቡናማ ቆዳ፣ አፉ ከጣት ንክኪ ብዛት የነጣ፤ ሌላው አረንጓዴ፣ ዚፑ የተበላሸ። ወንዱ ልጅ ቡናማውን ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከእንግዳ ብርጭቆዎች ጎን አስቀመጠው። ነርሷ እህቱ አረንጓዴውን በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች፤ ሲጨንቃት አውጥታ ታሸተዋለች። እናታቸው፣ መጋረጃ ሰፊዋ፣ ይህን ባየች ቁጥር ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሳቋን ትውጣለች።

ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛው» ይለው ነበር። የተጣሉ ባልና ሚስት፣ በአጥር የተኳረፈ ጎረቤት፣ ልጄን ለማን ልዳር የሚል አባት እሱ ዘንድ ይመጣል። እሱም ከረጢቱን ይከፍታል፣ ፒፓውን ቀስ እያለ ይሞላል፣ በአውራ ጣቱ ይጠቀጥቃል። ሰዉ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ ቃል ጣል ያደርጋል፤ ያቺ ቃል መሬት ጠብ አትልም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ያደንቁታል።

ዝንቡስ አልገባም፤ ሐሳብም አልወጣ! ሰውየው ፒፓውን እየሞላ ዓይኑን የሚያንከራትተው ጥበብ ፍለጋ አልነበረም፤ ጥግ ላይ ከስፌት መኪናዋ ኋላ የተቀመጠችውን ሚስቱን ፍለጋ ነው። ቅንድቧ ከተነሳ «ይሁን»፣ ከተኮማተረ «ይቅር» ይላል። መጋረጃ እየሰፋች ሰፈሩን ስትዳኝ ኖረች፤ ምስጋናውን እሱ ወሰደ። ብዙውን ጊዜ ያስቃት ነበር፤ አንዳንዴ ግን መቀሱን ልትወረውርበት ይዳዳታል።

አንድ እሑድ ነርሷ እናቷ ዘንድ ሳለች ወንዱ ልጅ መጣ። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው፤ ሲናገርም ሰውን ሁሉ መሪ ያስያዘ ይመስለዋል።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ቤት ላንቺ ምን ያደርግልሻል? እንሽጠውና እኔ ጋ ግቢ። የኋላው ክፍል አለ።»

የኋላውን ክፍል ታውቀዋለች፤ አሮጌ ጎማ የሚከመርበት ነው። የስፌት መኪናዋ እንኳን አይገባበትም። ወደ ሴት ልጇ ዞረች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ነርሷ ከረጢቷን አወጣች። ወንድምየውም የራሱን ከኪሱ መዘዘ፤ ለካ ለዛሬ ብሎ ከቁም ሣጥኑ አውጥቶት ኖሯል። ሁለቱም ባዶ ከረጢት እያሻሹ አንገታቸውን ደፉ። ቁርጥ አባታቸውን!

እናት ቅንድቧን አኮማተረች። ማንም አላያትም። ግንባሯ እስኪያማት ደግማ አኮማተረች።

«እማዬ፣ ራስሽን አሞሻል?» አለች ነርሷ።

«ምንም አላመመኝ! አባታችሁ ከረጢቱን ሲነካካ የሚያየው እኔን ነበር። እናንተ ወለል ታያላችሁ! ያ ሁሉ ፍርድ የኔ ቅንድብ ነው። የሱ ሥራ መናገር ብቻ ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አሁንም ቤቴ አይሸጥም!»

ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«የኔን ጋብቻ የፈቀድሽውም አንቺ ነሽ?» አለች ነርሷ፣ ዓይኗ ፈጦ።

«እኔ ነኝ። አባትሽማ የሙሽራውን መልክ እንኳ አያስታውስም ነበር።»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። ወንድሟ አልሳቀም። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እሺ፣ አይሸጥም» አለ። «ግን እማዬ፣ አባዬ ራሱስ? የራሱ ሐሳብ ምን ነበር?»

ቡናማውን ከረጢት አንስታ የነጣውን አፉን በጣቷ ዳሰሰች።

«ጠይቄው አላውቅም» አለች።