ሁልጊዜ መጨረሻ የምትገባው ሾፌር

የሞቀ አቧራ የራሱ ሽታ አለው። ባለፈው ሳምንት የልጄን ላፕቶፕ ይዤ ዱባይ ውስጥ ሳትዋ ሰፈር ወዳለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ገብቼ ነበር። ባለሱቁ ጠረጴዛው ላይ አንድ ያረጀና ቢጫ የመታው የዴስክቶፕ ሳጥን ከፍቶ ማብሪያውን ሲጫነው፣ ማራገቢያው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ እንደ ሩቅ ጄኔሬተር ማጓራት ጀመረ፣ ከዚያ ያ ሽታ ወጣ። አቧራ፣ የጋለ ሽቦ፣ የጋለ ፕላስቲክ። ባለሱቁ ምን ልርዳሽ ሲለኝ ለምን እንደመጣሁ ጠፍቶኝ ቆምኩ። ዲራ ሰፈር የነበረችው ክፍላችን ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ያኔ ሜትሮው ገና አዲስ ነበር፤ እኔም ለአገሩ አዲስ ነበርኩ። የምኖረው ቢድ ስፔስ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች፣ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ሚስማር ለልብሷ። እኔ ከሕንፃው ሥር ባለው ካፍቴሪያ ሳንድዊች እጠቀልል ነበር። ከበላዬ የምትተኛው ዘማሪዋ ናት። የሃዋሳ ልጅ፣ ጴንጤ፣ ቡር ዱባይ አንድ ቢሮ የምታጸዳ፣ አርብ አርብ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ በሚከራየው አዳራሽ የምትዘምር። ፊት ለፊታችን ያለው አልጋ የእትዬ ነበር። እትዬ የምንላት የሁላችንም ታላቅ ስለነበረች ነው። የኮምቦልቻ ሴት ናት፣ ብዙ ዓመት አጅማን ውስጥ ሰው ቤት ሠርታ፣ ማዳሟ አገር ስትለቅ በሰዓት የሚያሠራ የጽዳት ድርጅት ውስጥ የገባች። ሲከፋን «አብሽሪ» ትለናለች፣ አይዞሽ እንደ ማለት ነው። እሷ ስትለው ነገሩ እውነትም የሚቀል ይመስል ነበር።

ኮምፒውተሩ የመጣው በዘማሪዋ በኩል ነው። ቢሮው ዕቃውን በአዲስ ሲቀይር አለቃዋ አንዱን ውሰጂው አላት። እኔና እሷ ቡር ዱባይንና ዲራን የሚለየውን ውሃ በአብራ፣ በትንሿ የሕዝብ ጀልባ፣ አሻገርነው። ያን ጊዜ የቢሮ አሮጌ ስክሪን ማለት ጀርባው እንደ ድስት የወጣ ከባድ ነገር ነው። እሷ ስክሪኑን በአንሶላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቀፈችው፤ እኔ ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ሞተሩ ይንተከተካል፣ የናፍጣና የጨው ውሃ ሽታ ይመጣል፣ የውሃው ብርሃን የሰዉ ፊት ላይ ይጫወታል። ጎናችን የነበሩ ሰዎች ያለ ምንም ጥያቄ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡን።

ቤት ገብተን ስንከፍተው ቢሮው ውስጥ የነበረ አንድ የማናውቀው ሰው ጨዋታ ሞልቶበት አገኘን። ስለ እነዚያ ጨዋታዎች ብነግርሽ ልጄ እንደሚስቀው ትስቂያለሽ። ካርታ ነበር። እየበላ የሚረዝም እባብ ነበር፤ እሱ የኔ ነው፤ ጅራቱ ሜዳውን ሞልቶ መዞሪያ ሲያጣ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ጡብ የሚሰብር ኳስ ነበር፤ እሱ የዘማሪዋ፤ መዝሙር እያንጎራጎረች ትጫወታለች፤ ኳሱ በመዝሙሩ ምት የሚነጥር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ልጄ የሚጫወታቸው ጨዋታዎች ውስጥ የሰው ፊት ላይ ላብ ሳይቀር ይታያል። የኛዎቹ ውስጥ ሰው ራሱ አልነበረም። ግን ያ እባብ በዚያ ጥቁር ሜዳ ላይ ሲሄድ የነበረውን አረንጓዴ ያህል ደማቅ ቀለም ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የሁላችንም ንጉሥ ግን የመኪናው ጨዋታ ነበር። ቀይ መኪና ናት፤ ከኋላዋ ሆነሽ ታያታለሽ። መንገዱ በተራራ ይወጣል፣ በሐይቅ ዳር ይዞራል፣ አንዳንዴ ዝናብ ይዘንባል፣ መጥረጊያው ሲጥ ሲጥ ይላል። ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር ተቀምጠን ያን ዝናብ ለማየት ብቻ የምናስነሳበት ቀን ነበር።

እትዬ አትጠጋውም ነበር። መጀመሪያ የሕፃን ጨዋታ ስለናቀች መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን የነገረችን አንድ አርብ ከሰዓት፣ ዘማሪዋ ሳቅ እያለች መኪናውን ከተራራ ጋር ስታጋጭ ነው። እትዬ ከአልጋዋ ዘላ ተነሥታ በረንዳ ወጣች። ተከትለናት ወጣን፤ የበረንዳውን ብረት ይዛ ነገረችን። አጅማን ሳለች፣ ገና በመጀመሪያው ዓመቷ፣ የቤቱ ሾፌር ወደ ሻርጃ ሲወስዳቸው መኪናው ተገልብጦ ነበር። የማዳሟን ሕፃን ልጅ ጭኗ ላይ ይዛ ነበርና በሰውነቷ ሸፈነቻት። ልጅቱን አንድም ነገር አልነካትም። እትዬ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ቀረ፤ ሾፌሩ ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ከገባች ዓይኗን አትከፍትም። ድርጅቱ ለሥራ በሚያመላልሳት ሚኒባስ ውስጥ እስክትደርስ ድረስ ቁርአን እየቀራች ነው የምትሄደው።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ እትዬ ስክሪኑን በሩቁ አየችው። ቀይዋ መኪና መንገዷ መሐል ቆማለች።

«ምን ሆነች?» አለች።

«ምንም» አለች ዘማሪዋ። «ስትጋጭ ራሷ ትነሣና መንገዷ ላይ ትመለሳለች።»

«ጭረት እንኳ የላትም?»

«የላትም እትዬ። ነይ እዪያት።»

እትዬ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ቢስሚላህ» ብላ በአንድ ጣቷ ቁልፉን ነካች።

እንደሷ የሚነዳ ሰው አይቼ አላውቅም። ውድድር ነው፤ ሌሎቹ መኪናዎች እንደ ጥይት ይተኮሳሉ፤ እሷ ዳሯን ይዛ ታዘግማለች። መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ይቅደሙኝ ትላለች። ሁልጊዜ የምትገባው መጨረሻ ነው፤ ሌሎቹ ገብተው፣ ሜዳው ባዶ ሆኖ፣ እሷ ገና ሐይቁ ጋ ናት። እንስቅባት ነበር። እሷም ትስቅ ነበር፤ ግን አትፈጥንም። በዚያ ቀስታዋ እኛ በጥድፊያ ያለፍነውን ሁሉ ታሳየናለች፤ ተራራው ሥር ጢስ የሚወጣበት ቤት አለ፣ ድልድዩ ጋ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አለ። ቁልቁለቱ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ የሚወርደውን መንገድ ነው የሚመስል አለችን አንድ ቀን። ለሷ ያ ጨዋታ ውድድር አልነበረም።

ሰንበትበት ብሎ ድርጅቱ በዕድሜ ገፋ ያሉትን ቪዛ እንደማያድስላቸው ነገራቸው። በዚያው ሰሞን ሻርጃ ውስጥ የምታጸዳላት አንዲት ማዳም፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት የምታደርስ ሴት ሾፌር እየፈለግሁ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ቢኖርሽ ከማንም በፊት አንቺን እይዝ ነበር ብላት ኖሯል። እትዬ ይህን የነገረችን እንደ ቀልድ ነው። ዘማሪዋ ግን አልሳቀችም።

«ለምን አትሞክሪም?» አለቻት።

እትዬ እጇን ታጠበች። ራቷን በላች፣ ሰገደች፣ መጋረጃዋን ዘጋች። በሳምንቱ መንጃ ትምህርት ቤት ተመዝግባ መጣች።

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች። ሁለተኛውንም ወደቀች። ስትመለስ አታማርርም፤ ሻርፗን ትፈታለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍታ ትነዳለች። ፈታኟ ምን እንዳለቻት ቆይቶ ነው የነገረችን። ጥፋትሽ ፍጥነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው ብላታለች፤ ትልቁ መንገድ ላይ እንዲህ ካዘገምሽ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ትገድያለሽ። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ልቧን ነካችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘማሪዋ ከጎኗ ትቀመጥ ጀመር። «ያላ እትዬ፣ ጨምሪ» ትላታለች። እትዬ ትጨምራለች፤ ትጋጫለች፤ ቀይዋ መኪና ትነሣለች፤ እንደገና ትጨምራለች። መጀመሪያ ላይ በተጋጨች ቁጥር ደረቷን ትይዝ ነበር። እየዋለ ሲያድር መያዟን ተወች። እኔ ሳንድዊች ስጠቀልል ውዬ ስመጣ ከኮሪደሩ ጀምሮ የዚያች መኪና ድምፅ ይሰማኛል፤ ከፍ ሲል በልቤ በርቺ እላለሁ። አንድ ቀን አንዱን መኪና ቀደመች። አንድ ብቻ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ገባች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ፣ ኬንያዊቷም ፊሊፒኗም ሳይቀሩ፣ ከየመጋረጃቸው ወጥተው አጨበጨቡላት። እትዬ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

በቀጣዩ ፈተና አለፈች። ካፍቴሪያው በር ላይ መጥታ ቆመች፤ ደንበኛ ሞልቶ ስለነበር መግባት አልፈለገችም። ጓንቴን አውልቄ ሮጬ ወጣሁ። አልፈራሽም ወይ አልኳት።

«ዋላሂ ፈርቻለሁ» አለችኝ። «እግሬ ግን አልሰነፈም።»

ሻርጃ ያለችው ማዳም ቃሏን ጠበቀች። እትዬ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ይዛ ከኛ ክፍል ወጣች። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር ማዳሟ አንድ አርብ መኪናውን ፈቀደችላትና እኔንና ዘማሪዋን አጅማን ባሕር ዳር ልትወስደን መጣች። ነጭ፣ ሰፊ የቤተሰብ መኪና፤ ውስጡ የልጆች ማስቲካና የኡድ ዕጣን ሽታ አለው። ዘማሪዋ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እትዬ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በትክክለኛው ፍጥነት፣ መስመሯን ሳትለቅ ነዳች። ከሻርጃ ወጥተን አጅማን ልንገባ ስንል ወሬዋን አቋረጠች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ትንሽ ሄደን መልሳ ስለ ማዳሟ ትንሿ ልጅ ታጫውተን ጀመር። ያለፍነው ቦታ ያ ሾፌር የሞተበት መሆኑን የነገረችን ባሕሩ ዳር ተቀምጠን፣ እግራችንን አሸዋ ውስጥ ቀብረን ነው። ዱዓ አድርጌለት ነው አለችን። ዘማሪዋም ዓይኗን ጨፍና በራሷ መንገድ ጸለየችለት። ማንነቱን የማላውቀው ያ ሰው እኔንም አሳዘነኝ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ በሕይወቴ ደፋር ብዬ የማስበው ሰው ስንት አለ? ከእትዬ የሚበልጥ ግን የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዲራ መለሰችን። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር፤ ካፍቴሪያው በር ላይ አወረደችንና እንድንገባ በእጇ ገፋ ገፋ አደረገችን። እኛ ግን ወደ ላይ ወጥተን በረንዳው ላይ ቆምን። ነጯ መኪና ገና ዳሩ ላይ ናት፤ ብርቱካናማ ፍሬቻዋ ብልጭ ድርግም ይላል። ወደ መንገዱ ለመግባት ትጠብቃለች። አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ያልፋል፣ የሚያስገባት የለም። አልተቻኮለችም። ዘማሪዋ ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «ያላ እትዬ» አለች።

በመጨረሻ አንድ ታክሲ ቆመላት። እትዬ በመስኮት እጇን አውጥታ አመሰገነችውና ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስታችን አንድ ላይ አልተገናኘንም። ዘማሪዋ በዓመቱ ሃዋሳ ገባች፤ እትዬም የማዳሟ ልጆች ራሳቸው መንዳት ሲጀምሩ አገሯ ገባች። ያን ምሽት ግን ይህን አናውቅም ነበር። የኋላ መብራቷ ከሌሎቹ መኪናዎች ቀይ መብራት ጋር ተቀላቅሎ የቱ የሷ እንደሆነ መለየት እስኪያቅተን ድረስ ቆመን አየናት።