በወሰኔ ካፖርት ኪስ ውስጥ የተገኘው ወረቀት

ገበያነሽ ሰው ማመን አይሆንላትም። ዘመሮ ገበያ ወርዳ ቅቤ ስትገዛ ቅጠሉን ገልጣ፣ መሐሉን በስንጥር ወግታ ታሸታለች። በጎቹ ሲገቡ በር ላይ ቆማ ትቆጥራለች፤ ከገቡ በኋላ ደግሞ እንደገና ትቆጥራለች። ከሦስት ዓመት በፊት ደጅ ላይ የጠፋውን እንዝርቷን ጎረቤቷ ጥሩሸዋ አንስታዋለች ብላ እስከ ዛሬ ሰላምታቸው ከሩቅ ነው።

ከባሏ ከወሰኔ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ኖረዋል። ዘንድሮ ለፍልሰታ አብረው ሊቆርቡ ቆርጠዋል። ከእናቷ ወዲህ በዚያ ቤት የቆረበ ሰው የለም። ነጠላዋን አጥባ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ቀኑን ትጠብቃለች። የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ጻድቅ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቀዋቸዋል፦ "በሆዳችሁ የደበቃችሁት ነገር እንዳይኖር። ተደብቆ አይቆረብም።"

ታዲያ ሐምሌ ሲጋመስ ወሰኔ አዲስ ዐመል አመጣ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቱ አይመጣም። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ዝናብ እየደበደበው ብቻውን ይቆማል። ሲመለስ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

"ምን እያልክ ነው?" አለችው አንድ ቀን።

"ምንም።"

"ምንም ነው እንዲህ ከንፈር የሚያርገበግብ?"

"እንግዲህ እየጸለየ ነው በይኝ።"

ይሄን አልወደደችውም። የሚጸልይ ሰው እየጸለይኩ ነው ይላል እንጂ በይኝ አይልም።

ማግስቱን የካፖርቱን ገበር ልትጠቅም ስታገላብጠው አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀት ከኪሱ ወደቀ። ገበያነሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ወረቀቱን ዘርግታ አየችው። ክብ ተሠርቷል። በክቡ ዙሪያ በአራቱ ማዕዘን አንዳንድ ምልክት ቆሟል። አንዱ እንደ ሚዶ ጥርስ አለው፣ አንዱ አንድ እርከን ብቻ ያለው መሰላል ይመስላል። መሐሉ ላይ ደግሞ ጣራ የመሰለ ምልክት ለብቻው ተቀምጧል። ከሥሩ እነዚያው ምልክቶች ቦታ እየተለዋወጡ ተደርድረዋል፤ ጣራው የሌለበት ድርድር ግን አንድም የለም።

የአባቷ አጎት ደብተራ ነበሩ። ልጅ ሳለች እንዲህ ያለ ክብ ሲሥሉ አይታለች፤ መሐሉ ላይ የሚቀመጠው የሰይጣኑ ስም ነው ሲባልም ሰምታለች።

"አስማት አስጽፎብኛል" አለች። ወዲያው ሁሉም ነገር ልክ ልኩን ያዘላት። ጉልበቷ ከሰኔ ጀምሮ ይቆረጥማታል። ጥቁሯ በግ ጨንግፋለች። ጠበል አምጥታ ወረቀቱ ላይ ረጨች። በእስክሪፕቶ የተጻፈ ነበርና ንቅንቅ አላለም።

"አለቅም አለ!" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቄስ ወልደ ጻድቅ ቤት ገሰገሰች።

ቄሱ ወረቀቱን ወዲህም ወዲያም አዙረው አዩት። "ይሄ የግዕዝ አይደለም ልጄ። የፈረንጅ ነው።"

"የፈረንጅ ሰይጣን ነው አባ?"

"ኧረ አንቺ ሴትዮ! ቆይ እስቲ፣ እሱ ራሱ ይጠራ።"

ወሰኔ ተጠርቶ መጣ። ወረቀቱን ቄሱ እጅ ላይ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

"ጨዋታ ነው አባ" አለ።

"ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ምን ጨዋታ አለው?" አለች ገበያነሽ።

"የእንግሊዝኛ ነው። አምስት ፊደል ይሰጥሃል። በነሱ ቃል ትሠራለህ፣ የመሐሏ ፊደል ግን ከሁሉም ቃል ውስጥ መግባት አለባት። ስድስተኛ ክፍል የተማርኳት ሳትጠፋ ይኸው፣ ይሄ መብላት ነው። ይሄ አይጥ ነው። ይሄ ሻይ። አምስቱንም ስትደረድራቸው ምድር ይወጣል፣ መልሰህ ስትገጥማቸው ልብ ይሆናል። ልብን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብኝ።"

"ፊደሉን የሚሰጥህ ማነው?" አሉ ቄሱ።

ወሰኔ ገበያነሽን ሰረቅ አድርጎ አየ።

"አላልኩም? አላልኩም አባ? የሚልክለት አለ!"

"እሷ ትውጣና ልንገርዎት።"

"አልወጣም!"

ወሰኔ መሬት መሬት እያየ፣ "አዛለች ናት" አለ።

አዛለች ልጃቸው ናት። እናቷ የመረጠችላትን ባል እምቢ ብላ ደብረ ብርሃን ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀን ፋብሪካ ትውላለች፣ ማታ ትማራለች። ያን ጊዜ ገበያነሽ፣ ስሟ በቤታችን አይጠራም ብላ ወሰኔን በጊዮርጊስ አስምላዋለች።

"መሐላዬን አላፈረስኩም" አለ ወሰኔ። "ቤታችን ውስጥ ስሟን ጠርቼ አላውቅም፣ ደውዬላትም አላውቅ። ስልኬ ጉብታው ላይ ኔትወርክ ሲይዝ ፊደል ትልክልኛለች፣ ያገኘሁትን ቃል እልክላታለሁ። በቃ። ፊደል እንዳልላላክ ማልልኝ አላልሽኝም።"

ቄስ ወልደ ጻድቅ ወረቀቱን አጥፈው ለወሰኔ መለሱለት። ከዚያ ወደ ገበያነሽ ዞሩ።

"እሱ የደበቀውን አወጣ። ቂም ይዞስ ይቆረባል እንዴ ገበያነሽ?"

የነጠላዋን ጥለት ስትቆነጥር ቆየችና፣ "እሷ መሆኗን በምን አውቃለሁ?" አለች። "በስሟ ሌላ ሰው ቢሆንስ የሚጽፍለት? ደውልና ድምፅዋን ልስማ።"

ወሰኔ ቄሱን አየ። ቄሱ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሦስቱም በዝናቡ ጉብታው ላይ ወጡ፤ ወሰኔ ደውሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላት።

"አባዬ? ምነው ደወልክ? ምን ሆናችሁ?"

ድምፁ የአዛለች ነው። ገበያነሽ ግን በድምፅ ብቻ አታምንም።

"አዛለች ከሆንሽ ንገሪኝ፤ የወጣሽ ለት ከኋላሽ የወረወርኩት ምንድን ነው?"



"እንዝርትሽን። ትከሻዬን መታኝ። አንስቼ ይዤው ሄድኩ እማዬ። አሁንም እኔው ጋ አለ።"

ገበያነሽ ወደ ታች፣ ወደ ጥሩሸዋ ቤት ተመለከተች። ሦስት ዓመት ሙሉ! እርጥብ ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። ወሰኔ ካፖርቱን አውልቆ ደረበላት።

"እማዬ? አለሽ?"

"አለሁ።" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "ለፍልሰታ እኔና አባትሽ እንቆርባለን። እንዝርቱን ይዘሽ ነይ። በዓይኔ ሳላየው አላምንሽም።"