ለትልቁ ቬፕ ያደረጋችሁት ጸሎት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የቆምኩት እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላስተካክል። እኔ አስም ይዞኝ አያውቅም። ከኋላ ወንበር ፈገግ የምትሉ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ይህን ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ ያመነኝ ግን አልነበረም። ጌታ ይባረክ፣ ዛሬ ማይክሮፎኑ በእኔ እጅ ነው።

ሥራዬን ታውቃላችሁ። ከመካነ ሰላም ለሬዲዮ ዜና እሠራለሁ፤ ጸጉሬ የሸበተውም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ሲጋራ የለመድኩት መኪና ስጠብቅ፣ ባለሥልጣን ስጠብቅ፣ መብራት እስኪመጣ ስጠብቅ ነው። ባለቤቴ ትዕግሥት ጌታን ተቀብላ ወደዚህ ቤት መምጣት ስትጀምር እኔም እሁድ እሁድ አብሬያት እመጣ ነበር። አቀማመጤ ግን ስብሰባ እንደሚዘግብ ሰው ነበር። የተባለውን እሰማለሁ፣ ያለቀሰውን አያለሁ፣ ሲያልቅ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ኩዌት የምትሠራው ታናሽ እኅቴ ሙሉ ለዕረፍት መጥታ ሲጋራዬን ስታይ ተቆጣችና ትንሽ ቬፕ ሰጠችኝ። ለማታውቁት፣ ቬፕ ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ በባትሪ እየሞቀ የሚተንበት፣ እንደ ሲጋራ የሚሳብ ዕቃ ነው። የእኔው እስክሪብቶ የሚያህል፣ ከሁሉም ተራው ዓይነት ነበር። እዚህ አገር መሸጡ የተከለከለ ነው፤ ዜናውን ያነበብኩት ራሴ ነኝ።

ሲጋራውን ተውኩ፤ ይኼኛው ግን ከእጄ አልወርድ አለ። ሲጋራ ቢያንስ ያልቃል። ይኼ ቁርስ ላይም፣ መንገድ ላይም፣ ዜና ስጽፍም አለ። ሳል ጀመረኝ። ወረኢሉ ከብት ገበያ ሄጄ የቀዳሁትን ድምፅ ወደ ደሴ ስልከው አለቃዬ ደወለና፣ «ከበሬዎቹ መሐል የሚያጓራው አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ፣ ፎቶ አስነስቶ፣ አስም እንደሌለብኝና የመተንፈሻ ቧንቧዬ ግን እንደተቆጣ ነገረኝ። እኔም ቬፑን አውጥቼ፣ እኅቴ ከኩዌት ትልቅ ዓይነት ልትልክልኝ ነው፣ በትንሹ ልቆይ ወይስ ልቀይር ስል ጠየቅሁት።

«የትኛውን ልሳብ ብለው አይጠይቁኝ» አለ። «መቼ ላቁም ካሉኝ ዛሬ ነው የምልዎት።»

ለጥያቄዬ መልስ አልሰጠኝም ብዬ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ።

የእኔ ጥያቄ ያ ብቻ ነበር። ትንሹ ኪሴ ውስጥ ያፈስሳል። ውስጡ ያለው ጥጥ ቶሎ እየተቃጠለ ጉሮሮ የሚፍቅ ጣዕም ያመጣል። መብራት ሲጠፋ በድን ይሆናል፤ የመካነ ሰላምን መብራት ደግሞ እኔ አልነግራችሁም። ትልቁ ብዙ ፈሳሽ ይይዛል፣ ባትሪውም ይቆያል፣ ግን ጭሱም ኃይሉም የበረታ ነው። ኩዌት ያለው ባለሱቅ በትልቁ ሰው የሚስበው ይቀንሳል ብሎ ለሙሉ ነግሯታል። ከዚያው ከኩዌት የተመለሰ አንድ የደጎሎ ሰው ደግሞ ትልቁን ከያዘ ወዲህ ሲተኛ ብቻ እንደሚያስቀምጠው ነገረኝ። ሻጭና ተጠቃሚ ሲለያዩ ማንን ማመን እንዳለበት ጀማሪ ዘጋቢም ያውቃል። እኔ ግን ማመዛዘኔን ቀጠልኩ።

ነገሩ የእናንተ የሆነው በዚህ መሐል ነው። የጸሎት ቡድናችን መሪ ጋሽ ተፈራ፣ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ጥግ ስስል ቆይቼ ቬፑን ስስብ አዩኝ። አስም ያለባቸው ሰዎች አፋቸው ውስጥ የሚነፉትን መድኃኒት ደሴ አይተው ስለሚያውቁ ቬፑ ያው መሰላቸው። መጥተው ትከሻዬን ያዙና፣ «አብሽር ልጄ፣ ጌታ ያያል» አሉኝ። እዚያው ነገርኳቸው። ጋሽዬ፣ እኔ አስም የለብኝም፣ ይህ የትምባሆ ዘመድ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። በማግስቱ ስለ ትንፋሼ ጸሎት ተያዘ።

የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ታመምኩ አይልም። አልጋ ላይ ወድቆ፣ ጠያቂ ቤቱን ሞልቶት፣ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። ስለዚህ እኔ አልታመምኩም ባልኩ ቁጥር ሕመሜ እየጸና ሄደ። ኒኮቲን አለበት ስል፣ መድኃኒት ሁሉ ትንሽ መርዝ አያጣውም ተባልኩ። ሙሉ ትልቁን ልትልክ እንዳሰበች ሲሰማ፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ እኔ ቁጭ ብዬ፣ «ጌታ ሆይ፣ ትልቁን በሰላም አምጣለት» ተብሎ ተጸለየ። አሜን ያላችሁ እዚህ አላችሁ።

እኔም በበኩሌ ጌታን ምልክት ጠየቅሁት። ልቀይር ወይስ በትንሹ ልቆይ አልኩት። ምልክት አልመጣም፤ በእርሱም ተበሳጨሁ። ምን ብሎ ይመልስልኝ ኖሯል? ስሙ ይባረክ፣ እንዴት ታግሦኛል።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ እውነተኛው የአስም በሽተኛ ናቸው፤ ብርድ ሲበረታ ትንፋሻቸው ከአጥር ውጭ ይሰማል። ወላሂ ላስቸግርህ አልፈለግሁም ብለው ጀመሩ። ሰይድ ከጧት ጀምሮ ትንፋሽ አጥሮታል፤ ላንተ ትልቁ እየመጣልህ ነው ሲሉ ሰምተናል፤ ትንሹን ለእሱ ስጥልን አሉኝ። በሰፈራችን ደንቡ ይኸው ነው። አዲስ የገባለት ሰው አሮጌውን ለጎረቤት ይሰጣል፤ ብርድ ልብስም ይሁን ሬዲዮ፣ ጠያቂው አያፍርም፣ ሰጪውም አይኮራም።

ቬፑ እጄ ላይ ነበር። አይሆንም አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ትንፋሽ ደግሞ ይሰሰታል?» አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ይህ መድኃኒት እንዳልሆነ፣ ጋሽ ሰይድ ቢስቡት ያለቻቸውንም ትንፋሽ እንደሚዘጋባቸው ነገርኳቸው። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል እሳቸው አመኑኝ። እጄን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ።

«ለሰይድ ያልበጀው ላንተ እንዴት በጀህ?» አሉ። «ታዲያ ስለምን ትስበዋለህ፣ ልጄ?»

ሥራዬ መጠየቅ ነው። መልስ የሌለውን ባለሥልጣን ስንት ጊዜ አፋጥጫለሁ። ያን ቀን ግን ተጠያቂው እኔ ሆንኩ፤ ቬፑን ኪሴ ከትቼ ተነሣሁ።

ባጃጅ ጠርተን ጋሽ ሰይድን ሆስፒታል አደረስናቸው። ትክክለኛው መድኃኒት ተነፋላቸውና ደረታቸው ተከፈተ። እትዬ ዘይነባ አልሐምዱሊላህ አሉ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ጸለይኩ። «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ትልቁንም ትንሹንም አልፈልግም። መተው ግን አቅቶኛል። አንተ አስተወኝ፣ እኔንም የአንተ አድርገኝ» አልኩት። ሰማኝ። ክብር ለስሙ ይሁን።

ትንሹን ቤት እንደገባሁ በመዶሻ ሰበርኩት። ለሙሉ ደውዬ ትልቁን አትላኪ አልኳት። ዕቃውን ለመንገደኛ በአደራ ሰጥቻለሁ፣ ደግሞ ምን ሆንክ ብላ ጮኸችብኝ፤ በኋላ ግን ዕቃውን ከመንገደኛው መልሳ ተቀበለች። በአንድ ጸሎት ምኞቱ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። ራሴን አመመኝ፣ ትዕግሥትን በረባ ባልረባው ተቆጣሁ፣ ኪሴን እየዳበስኩ ዋልኩ። ሲብስብኝ እንዲጸልዩልኝ ጋሽ ተፈራ ቤት ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ መድኃኒትህን ለምን አቆምክ፣ እምነት እኮ ሐኪም አይከለክልም ብለው ገሠጹኝ። ወንድሞች፣ እንዲህ ያለ ትግል ውስጥ ሆኖ ይህን መስማት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ብቻ ቀጥለው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፤ ጌታም በዚያ በተሳሳተው ጸሎት ውስጥ እንኳ አበረታኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ ነበር። ያለኝን ብቻ ነው የምናገረው፤ የተቆጣው ቧንቧ በርዷል፣ በዚሁ ይቀጥሉ ብሎኛል። ስለዚህ ከአስም ተፈወሰ ብላችሁ አታውሩ። ጌታ ያስተወኝ ቬፕን ነው፤ ያዳነው ደግሞ እኔን ነው። ይህ ይበቃል።

ዛሬ ጧት ከቤቴ እስከዚህ ያለውን ዳገት ሳላርፍ ወጣሁ። እዚህ ውስጥ ሁለት የማይበጁ ነገሮችን በሁለት እጁ ይዞ፣ የቱ ይሻለኛል እያለ ምልክት የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ አይጠብቅ። ሁለቱንም ያስቀምጥና በጌታ ይታመን። እጅ ባዶ ሲሆን መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፤ እኔንም አስጨንቆኛል። ጌታ ግን የሚይዘው ባዶውን እጅ ነው። ስሙ ለዘላለም ይባረክ።