የእሑድ ጠዋቱ ጀልባ

በሐይቁ ዳር በሚገኘው አሞራ ገደል፣ በዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ቃሌ ተሰሚነት የነበረው በተማርሁት ትምህርት አልነበረም፤ ከአንድ ሰው ጋር በነበረኝ ወዳጅነት እንጂ። ስለዚያ ሰው እስከ ዛሬ ለማንም አልጻፍሁም። አሁን የምጽፈውም ለመክሰስ አይደለም፤ ክሱ በጊዜው ተሰምቷል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። እርሱ ባለ ጀልባ ዓሣ አጥማጅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ በሐይቁ ዳርም የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነበር። ልጆቼን ዋና ያስተማራቸው እርሱ ነው። ባለቤቴ ባረፈች ጊዜ አስከሬኗን ከተሸከሙት አንዱ እርሱ ነበር።

አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በሚራባበት ወራት በሐይቁ ዳር ባለው ቄጠማ ውስጥ መረብ ላለመጣል ተስማምተው ነበር። ያስማማቸውም ወዳጄ ነው። ሆኖም በዚያው ወራት ባለቤቱ ያልታወቀ መረብ ቄጠማው ውስጥ ተገኘ። ወዳጄ ተነሥቶ፣ «የቱላው ሰው ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ከቱላ እየመጣ አብሯቸው የሚያጠምደው ይህ ሰው ካደ። የአጥማጆቹ ሽማግሌዎች ወደ እኔ ዞረው ምን እንደምል ጠየቁኝ። «ይህ ሰው ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም» አልሁ። እውነቴን ነበር። የቱላው ሰው የሚያጠምድበትን መረብ ተቀማ፣ ከሐይቁም ታገደ።

እንዲህ ያለው ክርክር እንዳይደገም የቄጠማውን ወሰን በካርታ ለማስፈር አሰብሁ። ከቀድሞ ባልደረባዬ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ያለችበትን ስፍራ ከሳተላይት የምታነብ የጂፒኤስ ሞጁል ተዋስሁ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ቤቴ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ጀርባው ላይ ሲሪያል ፖርት የሚሉት የሽቦ መሰኪያ ስለ ነበረው ሞጁሉን ከዚያ ላገናኝ ተቀመጥሁ። ወዳጄም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ይኼ ነው ከሰማይ ጋር የሚያወራው? ድምፁ የታለ?»

«ድምፅ የለውም።»

«እንደ አንተ ነው በለኛ።»

የሞጁሉ መናገሪያ ሽቦ ከኮምፒውተሩ መስሚያ ጋር፣ የኮምፒውተሩ መናገሪያም ከሞጁሉ መስሚያ ጋር ተሰናስሎ መታሰር አለበት፤ በመካከላቸውም ኃይሉን የምታመጣጥን ትንሽ ሰሌዳ ትገባለች። ይህን ሁሉ አድርጌ ስከፍተው በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ፈሰሰ። አንዱ ከሌላው ፈጥኖ ስለሚናገር እንዳልተግባቡ ነገርሁት።

«ባልና ሚስት ናቸዋ» አለ።

ፍጥነታቸውን አንድ ባደረግሁት ጊዜ መስመሮቹ ጠሩ፤ ሰዓት፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ በየቅጽበቱ ይወርዱ ጀመር። ወዳጄ ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው።

«ሽቦውን ስትነቅለውስ?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይመጣም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

የጠየቀኝን መለስሁለት። ሞጁሉ የራሱ ማስታወሻ እንዳለውና ባትሪ እስካገኘ ድረስ ያለፈበትን ስፍራ ሁሉ እንደሚመዘግብ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ዕለት ሞጁሉን ከባትሪ ጋር በላስቲክ ጠቅልለን ከጀልባው መቀመጫ ሥር አሰርነው፤ የቄጠማውንም ግማሽ ዞርን። ነፋስ ሲነሣ ተመለስን። «እዚያው ይሁን፣ በሚመጣው ቅዳሜ እንጨርሰዋለን» አለኝ። ባትሪውን መንቀል ዘነጋሁ። ሰኞ ረፋዱ ላይ ግን የቅዳሜውን ልገልብጥ ብዬ ሞጁሉን ከጀልባው ወስጄ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት።

ከቅዳሜው በኋላ የእሑድ ነጥቦች ነበሩ። ሰዓቱ ስድስት ይላል። ስድስት ሰዓት ሕዝቡ ከጸሎት ወጥቶ የሚበተንበት ነው፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ በጀልባው ቢንሸራሸር ምን ክፋት አለው? ለጥቂት ጊዜ ነገሩን በዚህ አሳረፍሁት። ዳሩ ግን ሞጁሉ የሚጽፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ የግሪንዊችንና የእኛን ሰዓት ልዩነት ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ሁሉም ጸሎት ላይ ስለሆነ ሐይቁ ላይ ማንም የለም፤ ወዳጄም በቤተ ክርስቲያኑ መቀመጫው የፊተኛው ረድፍ ነው። ጀልባው ቀጥ ብሎ ቄጠማው መካከል ገብቷል፤ ከዚያም መረብ እየዘረጋ እንደሚሄድ ሰው በዝግታ ተጉዟል። ሰኞ ማለዳም ያንኑ መስመር ደግሞታል።

ሌላ ሰው ወስዶት ይሆናል በሚል ተስፋ ወደ አሞራ ገደል ወረድሁ። ዓሣ እየገፈፈ አገኘሁት።

«እሑድ ጀልባህን ማን ወሰደው?»

«ማን ይነካዋል? ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው።»

«አንተስ የት ነበርህ?»

«ጌታ ቤት ነዋ፤ የት ልሆን?»

«ጀልባው ቄጠማው ውስጥ ነበር።»

ቢላዋውን አላቆመም። «ሽቦው ተነቅሎ አልነበረም እንዴ?» አለ።

ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያን ዕለት አጠገቤ ተቀምጦ ያጠናው የመሣሪያውን ጥበብ ሳይሆን የማያይበትን ጊዜ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ አስተምሬዋለሁ።

«አጥፋውና እንተወው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንተ እንደሁ ዝም ማለት ታውቅበታለህ።»

«የቱላው ሰውስ?»

«እሱ መሬት አለው። አይራብም።»

በማግስቱ ለሽማግሌዎቹ ያየሁትን ነገርሁ። ቄጠማውም ተፈትሾ የመረቡ ካስማዎች መስመሩ ባመለከተበት ስፍራ ተገኙ። ለቱላው ሰው መረቡ ተመለሰለት፣ እገዳውም ተነሣለት። ወዳጄ ግን ቅጣት ሳይወሰንበት ቆሞ ተናገረ፦ «እኔ በድያለሁ፤ ጌታም ሰውም ይቅር ይበለኝ። ግን ይኼ ሰው ጎኔ ተቀምጦ እየበላ ጀልባዬ ውስጥ ሰላይ ደብቆብኛል። ነገ በማናችሁ ጀልባ እንደሚደብቅ እንጃ።» ሞጁሉን አብረን እንዳሰርነው፣ እዚያው ይሁን ያለውም እርሱ እንደ ነበረ አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹ በትሕትና አዳመጡኝ። እርሱን ይቅር ብለው ጸለዩለት፤ ለእኔ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ካርታው በግማሹ ቀርቷል። የቀረውን ወገን ለመጨረስ ጀልባ ስጠይቅ እምቢ የሚለኝ የለም፤ ሁሉም ዛሬ ሥራ እንደ በዛበት በአክብሮት ይነግረኛል። በሐይቁ ዳር ሳልፍ አንዱ፣ «መምህር፣ ዛሬ ኪስዎ ውስጥ ምን ይዘዋል?» ይላል፤ ሌሎቹ ይሥቃሉ። መረቡ የተመለሰለት የቱላው ሰውም አብሯቸው ይሥቃል።