ፀሐዩ «ፀ»

የዘይት ቀለም ሽታ አልወድም። ፒያሳ ላይ የሱቅ በር የሚቀባ ሰው ካየሁ መንገድ ተሻግሬ እሄዳለሁ፤ ሽታው ቀድሞኝ አፍንጫዬ ከገባ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አንድ ጎረምሳ በግቢያችን የቆርቆሮ በር ላይ በቀይ ቀለም «ተወርሷል» ብሎ ሲጽፍ፣ ቀለሙም ከ«ል» እግር ላይ እየተንጠባጠበ ሲወርድ አየዋለሁ። ከዚያ ንዴቱ ይመጣል። ሠላሳ ዓመት አልፎት አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

አባዬ በተሸነፈው ጦር ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነበር። ከሰሜን መጥቶ ሀዋሳ ተመድቦ፣ የቱላ ልጅ የሆነችውን እማዬን አግብቶ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠርቶ ነበር፤ ጭቃውን የረገጠችው እማዬ ናት። መንግሥት የተለወጠ ጊዜ እሱ ጦር ሜዳ ስለነበር ይኑር ይሙት አናውቅም ነበር። በዚያው ክረምት አሸናፊዎቹ ያቋቋሙት ኮሚቴ የላካቸው ሦስት ሰዎች መጥተው፣ አልጋውን፣ ሬዲዮውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ እማዬ የሰው ልብስ የምትሰፋበትን መኪና ሳይቀር እየቆጠሩ መዝግበው፣ በዝናብ በለበስነው ልብስ አስወጡን። «የእነሱ ንብረት የሕዝብ ነው» አለ አንደኛው። ሕዝብ ሲል እኛን አይጨምርም ነበር መሰለኝ።

መስከረም የጠባው ቱላ፣ በእማዬ ወንድም ግቢ ውስጥ ሆነን ነው። እማዬ የሰው በቆሎ እየፈለፈለች ታበላን ነበር፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ፣ እኔ የቤት ሥራዬን ስሠራ ደብተሬን አሻግራ ታይ ነበር። ማንበብ አትችልም ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ሦስት ሳምንት ተምራ፣ ይዛ የወጣችው የራሷን ስም ብቻ ነው። አስተማሪው «ያንቺ በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ ነው» ስላላት፣ «ፀሐይ» የሚለውን እንደ ጥልፍ አጥንታ ትሥለው ነበር እንጂ፣ ሌላ «ፀ» ወይም ሌላ «ሐ» በዓለም ላይ መኖሩን አታውቅም ነበር። አንድ ቀን የእናት ስም በሚለው ቦታ ላይ በጸሎቱ ጸ ብጽፈው፣ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብላ በምራቋ አጥፍታ እንደገና አስጻፈችኝ።

በበጋው አባዬ ከምርኮ ተለቅቆ፣ ከስቶ፣ በበረባሶ መጣ። ሳምንት እንኳ ሳያርፍ አቤቱታውን ይዞ ወደ ከተማ ይመላለስ ጀመር። አንድ ቀን እኔን አስከትሎ ሄደ። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ሰው ፋይሉን ለራሱ ብቻ ገለጥ አድርጎ፣ «ምን ያደክምዎታል? ባለቤትዎ እኮ በፈቃዳቸው ፈርመው አስረክበዋል» አለው። በመረካከቢያ ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ብቻ አለ፤ አስረካቢና ተረካቢ። ለተቀማ ሰው መስመር አልተሰመረለትም። አባዬ አቤቱታውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ቱላ ተመለስን።

«ፈርመሽ ሰጠሻቸው?» አላት ገና ከበሩ።

«አልፈረምኩም።»

«ስምሽ አለበት እያሉኝ! ካንቺ በቀር ማን ይጽፈዋል?»

«እኔ እንጃ። አልፈረምኩም አልኩህ።»

አላመናትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ በጠመንጃ ያሸነፉትን ሰዎች ምንም ማድረግ ስላልቻለ ቂሙን ሁሉ እሷ ላይ አራገፈው። ከእጇ ይበላ ነበር፤ ያጠበችለትን ይለብስ ነበር፤ በስሟ ግን ከዚያ ወዲህ ጠርቷት አያውቅም። በበልጉ ዝናብ የአጎቴ ጎጆ አፍስሶ መጽሐፌ ሲበሰብስ፣ እኔም ከአባዬ የሰማሁትን ይዤ፣ «አንቺ ነሽ ቤታችንን የሰጠሽው» አልኳት። አልመታችኝም። ጀሪካኑን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። አባዬ እንዳኮረፈ ኖሮ፣ እንዳኮረፈ ሞተ።

ባለፈው ዓመት፣ መዝገብ ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ የድሮ የውርስ ፋይሎች ወደ ሌላ ክፍል እየተዛወሩ መሆኑን ነግራኝ በባጃጅ ከነፍኩ። የአባዬ ስም ያለበትን አቃፊ አቧራውን አራግፋ ሰጠችኝ። «የልብስ ስፌት መኪና አንድ፣ ያገለገለ» ይላል። «የቆርቆሮ በር አንድ፣ ደህና» ይላል። ደህና! ግርጌው ላይ፣ «በራሴ ፈቃድ ያስረከብኩ» ከሚለው ጎን፣ ብዙ በጻፈ ሰው ቀልጣፋ እጅ «ጸሃይ» ተብሎ ተፈርሟል። በጸሎቱ ጸ። በሀሌታው ሃ።

ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። «ምነው? ምን አገኘሽ?» አለች ጓደኛዬ ደንግጣ።

«የእናቴን ስም መጻፍ የማያውቅ ሰው» አልኳት።

በጣም የሚያንገበግበኝ መስረቁ ብቻ አይደለም፤ ችኮላው ነው። ሌባው ስሟን እንዴት እንደምትጽፈው እንኳ ሳይጠይቃት፣ ብዕሩን አንዴ ሸርተት አድርጎ ትዳሯን አፈረሰና ቀጥሎ ወዳለው ወረቀት ሄደ። ምናልባትም ያን ቀን ምሳውን በደንብ በልቷል።

ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቀጥታ እማዬ ጋ ሄድኩ። ዓይኗ ስለደከመ ፊደሎቹን አጉልቼ አሳየኋት፤ ደስታዋን ለማየት ቸኩዬ፣ «ይኸው እማዬ፣ አልፈረምሽም! ማስረጃ አገኘሁልሽ» አልኳት። ብዙ ካየችው በኋላ ስልኩን መለሰችልኝ።

«እኔማ አልፈረምኩም ብዬ ነበር» አለች። «አባትሽስ ይሁን፣ አልነበረም፤ የነገሩትን አመነ። አንቺ ግን ያን ቀን ሰዎቹ ከገቡ ጀምሮ እስኪወጡ ቀሚሴን ይዘሽ ነበር። አንዴም አልለቀቅሽኝም።»

እውነቷን ነው። ብዕር ሲሰጧት አላየሁም፤ ስትፈርም አላየሁም። ያኔ በዓይኔ ያየሁትን ትቼ ያላየሁትን ወረቀት አመንኩ፤ ዛሬም እሷን ያመንኳት ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ነው።