ለአባዬ የበየድኩት ኪቦርድ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አባዬ በእጄ የሠራሁለት ኪቦርድ ፊት ተቀመጠ... እኔ ከኋላው ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ።

አባዬ አዳማ ውስጥ በታይፕ ለሰው ማመልከቻ እየጻፈ ነው ያሳደገን። ስኳር በሽታ ዓይኑን ሲወስድበት ታይፑ ዝጎ ቀረ፣ እሱም ቤት ዋለ። ግን ሁሌ «ዓይኔ ቢሄድም ጣቴ ያውቀዋል» ይላል። ሱቅ የሚሸጠው ኪቦርድ ደግሞ ፊደሉ እሱ የለመደበት ቦታ ላይ አይደለም። ስለዚህ በድሮ ታይፑ አቀማመጥ ራሴ ልሠራለት ተነሳሁ። እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻ እየተከልኩ፣ ከሥሩ በቀጭን ሽቦ እየበየድኩ።

ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። ቁልፎቹ የሚቀመጡበትን ላሜራ ባስቆርጠው ቀዳዳው ሰፍቶ እንደ ወተት ጥርስ ይወዛወዛሉ። ሁለተኛውን ደግሞ ገልብጬ ስበይድ ግራና ቀኙ እንደሚቀያየር ረስቼው ሁሉንም መልሼ ፈታሁት። እሱን አስተካክዬ ልሞክር ብሰካው መብራት ሄዶ ሲመጣ ዋናው ቦርድ ተቃጠለ... ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠበቅኩ።

አቧራ እንዳይገባ ብዬ በዚያ ሙቀት መስኮት ዘግቼ ጭሱን ስምግ፣ እማዬ በር ላይ ቆማ «ኪቦርድ ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ? ምን አቃጠለሽ?» ትለኛለች። አንድ ቀን እዚያው ተደፍቼ አልቅሻለሁ። ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ለማንኛውም ኪቦርዱ ቅዳሜ አለቀ። እንዳጋጣሚ የአባዬ የድሮ ደንበኛ ኦቦ ቱሉ ከደራ መጡ። «አካም ጅርቱ» ተባብለው ተቀመጡ። ጡረታቸው ተቋርጦባቸው ሰኞ አዲስ አበባ ማመልከቻ ሊያስገቡ ነው። አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ ከአባዬ ሌላ ደግሞ የሚያምኑት ጸሐፊ የለም።

አባዬ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጣቸው፣ እንደ ድሮው መሀል መሀል ላይ ጠየቃቸው። ከዚያ መጻፍ ጀመረ።

የመጀመሪያዋ ቃል ኮምፒውተሬ ላይ ቆንጆ ሆና ወጣች። ከዚያ በኋላ... ፊደል ይደራረባል፣ ፊደል ይዘለላል፣ ቃል የሚባል ነገር የለም። አባዬ ግን ፊቱ በርቶ በፍጥነት ይመታዋል። የሆነች ሽቦ ለቃለች፣ እንደገና ልፈታው ነው ብዬ አሰብኩ።

«አትመሽ ስጫቸው» አለኝ ሲጨርስ።

ምን ላድርግ፣ በፕሪንተር አተምኩት። ኦቦ ቱሉ ያንን ዝብርቅርቅ ወረቀት በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ገለቶማ» እያሉ በጥንቃቄ አጠፉት።

«ኦቦ፣ ቀለሙ ትንሽ ተበላሽቷል፤ አንዴ ልድገምልዎት» ብዬ መልሼ ወሰድኩት። ሁለቱም በረንዳ ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫንኳቸው። ሁሉም ልክ ነው። ደገምኩት። አንድም የሳተ የለም።

ግራ ገብቶኝ ኦቦ ቱሉ ሲናገሩ የሰማሁትን ራሴ መጻፍ ያዝኩ። ፊደሉን እየፈለግኩ... ቀጭ... ቀጭ። በረንዳ ላይ የአባዬ ወሬ ተቋረጠ። ግድግዳውን እየዳሰሰ ገብቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

«የኔው አልሆነም አይደል?»

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ።

«ጣቴ ከደነዘዘ ቆይቷል። ስኳሩ ነው፤ ቁልፉ ጫፍ ላይ ልሁን መሀል ላይ አይሰማኝም። እንደዚያ ስትለፊ እየሰማሁ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሲደርስ ጌታ ይረዳኛል ብዬ ነበር... በይ፣ የሰውየው ጉዳይ ሰኞ ነው፤ አስተካክለሽ ጻፊላቸው።»

ወደ እንግዳው ተመለሰ። እኔም እንባዬን እየጠረግኩ ጽፌ ሰጠኋቸው።

ስንት ጊዜ «እባክህ ጌታ ሆይ ይሥራልኝ» ብዬ የጸለይኩበት ኪቦርድ ነው... ያን ቀን ግን ምነው ጥፋቱ የብየዳዬ በሆነ አልኩ።