ሦስት ሆነው ያሰቡት ጉዞ

ሉዲቪናን በከተማችን በእስታንሲያ የማያውቃት የለም። ገበያው መግቢያ ላይ የዓሣ ቋንጣ ከሚሸጡት ሁሉ ድምጿ ቀድሞ ይሰማል። እሑድ ደግሞ ያው ድምፅ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል፤ እኔ ከኋላዋ ጊታር እመታለሁ። ግራና ቀኟ የሚቆሙት ጓደኞቿ ነበሩ፤ አንዷ ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህርት፣ አራሴሊ፤ ሌላዋ የወንድሟን ፋርማሲ የምታስተዳድረው ፌሊሳ።

ሦስቱ በረዶ ለማየት ጃፓን ሊሄዱ ተማከሩ። እኛ አገር በረዶ ማለት ተፈጭቶ ጣፋጭ ላይ የሚደረገው ነው፤ ከሰማይ ሲወርድ ያየ የለም። ከልባሽ ገበያ ሦስት ወፍራም ኮት ገዝተው አራሴሊ ቤት አስቀመጡ። ሉዲቪና የመረጠችው ቀዩን ነው።

“አንዳችን ከቀረን ሁላችንም እንቀራለን!” ብላ ሁላችንም ፊት የማለችው ራሷ አራሴሊ ናት።

የቪዛውንም ወረቀት የያዘችው እሷ ነበረች። “አንቺ ዓሣሽን ሽጪ ኢንዳይ፣ እህቴ፣ እኔ እሞላልሻለሁ። መፈረም ብቻ ነው” አለቻት። ሉዲቪና ፈረመች። ማናንግ፣ ታላቄ ብላ የምትጠራት ሴት የሰጠቻትን ወረቀት ልታነብ አልተቀመጠችም።

ኢሎይሎ ከተማ ያለው የጉዞ ወኪል ሦስቱን ፓስፖርት ሲመልስ የሁለቱ ቪዛ ተለጥፎበታል፤ የሉዲቪና ባዶ ነው።

“ምን አጠፋሁ?” አለች።

“ምክንያቱን ለኛም አይነግሩንም” አለ ወጣቱ ወኪል። “እስከ ስድስት ወር ድረስ ደግሞ ለዚሁ ጉዞ እንደገና ማመልከት አይቻልም።”

በአውቶቡስ ሲመለሱ አራሴሊ እጇን ይዛ፣ “አንቺን ጥለን ልንሄድ? ሞተን ነው!” አለቻት። ሉዲቪና ከዚያ በኋላ በየልምምዱ ጃፓኖችን ትራገም ነበር። ሁለቱም ቁጭ ብለው ይሰሟታል።

ጥር ላይ አራሴሊና ፌሊሳ ማኒላ የዘመድ ሠርግ አለብን ብለው ተሰናበቱን። ሉዲቪና ከዕቃዋ ምርጥ ምርጡን ጠቅልላ፣ “ለሙሽሮቹ” ብላ ሰጠቻቸው።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ባለ ባጃጅ ደንበኛዋ ስልኩን ከፍቶ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆመ።

“ማናንግ ሉዲንግ፣ ማኒላ በረዶ ጣለ እንዴ?”

“ምን ትቀባጥራለህ? ዓሣ ትገዛለህ ወይስ ታስቃለህ?”

“ፌስቡክ ላይ ነው ያለው። እዪ እንጂ!”

አየች። አራሴሊና ፌሊሳ ጉልበታቸው ድረስ በረዶ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ። ፌሊሳ የለበሰችው ቀዩን ኮት ነው። ሉዲቪና ስልኩን መለሰችለት፣ ዓሣውን መዘነችለት። ያን ቀን ግን ገበያው ድምጿን አልሰማም።

ሲመለሱ ቸኮሌት ይዘው ቤቷ መጡ። እኔ የቤቷን በር ላስተካክል ሄጄ ስለነበር አለሁ።

“ትኬቱ አይመለስም አሉን፣ ኢንዳይ” ብላ ጀመረች አራሴሊ።

“ብትነግሩኝ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እሸኛችሁ ነበር። ሠርጉ ለምን አስፈለገ?”

“እንዳይከፋሽ ብለን…”

“ለሙሽሮቹ የላክሁትን ዓሣ ማን በላው?”

ፌሊሳ ዕንባዋ መጣ። “ማናንግ፣ በቃ ንገሪያት! ሁሉንም ንገሪያት!”

አራሴሊ ወደ መስኮቱ ዞረች። የነገረቻት ፌሊሳ ናት። ማመልከቻው ላይ አራሴሊ የሞላችው ሉዲቪና የፋርማሲው ሒሳብ ያዥ ናት ብላ ነው፤ ፌሊሳም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፋ ማኅተም አድርጋበታለች። ከዚያ የቪዛ ሰዎች ለማጣራት ፋርማሲው ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው አዲሷ ሠራተኛ፣ “ሉዲቪና? ዓሣ ሻጯን ነው? እሷንማ ገበያ ፈልጓት” አለቻቸው። ሁለቱም ይህን የሰሙት ያኔውኑ ነው።

“እና ጃፓኖቹን ስራገም ቁጭ ብለሽ ታዳምጪኝ ነበር?” አለች ሉዲቪና።

“ለአንቺው ብዬ ነው!” አራሴሊ ተቆጣች። “ዓሣ ሻጭ ብዬ ብሞላ ቪዛ የሚሰጡሽ ይመስልሻል?”

“እነሱማ አልተጠየቁም። አንቺ ነሽ ያፈርሽብኝ።”

ቸኮሌቱን አልነካችም። እነሱ ሲወጡ እኔ ከበሩ ጋር ስታገል ቆየሁ፤ ቀና ብዬ ላያት አፍሬ።

የበረዶው ወር እንደገና ሲቃረብ ብቻዋን ኢሎይሎ ሄደች። የሱቋን ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኞቿን፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን የባንክ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

“ሥራዎ?” አላት ወኪሉ።

“የዓሣ ቋንጣ እሸጣለሁ።”

አንድ ደብዳቤም በእጇ ጽፋ ነበር። ያለፈው ማመልከቻ እውነት እንዳልነበረ፣ ሳታነብ እንደፈረመች ይናገራል። ልጁ አንብቦ ራሱን አከከ። “ማን እንደሞላው ቢጠቅሱ አይሻልም?”

“የፈረምሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። እንዲሁ ላክልኝ።”

ፓስፖርቷ እስኪመለስ ድረስ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ነግራኛለች። እውነቱን በመናገሯ ለዘለዓለም የምትከለከል መስሏት ነበር። ፓስፖርቱ ቪዛ ተለጥፎበት ሲመጣ ገበያው መሃል ጮኸች። ሰው ሌባ የያዘች መስሎት እየሮጠ መጣ።

አራሴሊ ወሬውን ሰምታ ሱቋ ድረስ ሄደች። “እንግዲህ ያለፈው አለፈ። ዘንድሮ ሦስታችንም አንድ ላይ እንሂድ።”

“በጉብኝት ቡድን ነው የምሄደው፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር።”

“ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር?”

“አዎ። እነሱ እስካሁን አላፈሩብኝም።”

ሄደች፣ በረዶውንም አየች። ከዳቫዎ ከተማ የመጣች አንዲት አሮጊት ፎቶ አነሣቻት። ደስ ብሏት “እዩ! እዩ!” ብላ ዞር ስትል ግን አጠገቧ የቆሙት ስሟን እንኳ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ሚዛኑ አዞረች።

ፌሊሳ እየተመላለሰች ይቅርታ ጠይቃ አሁን መነጋገር ጀምረዋል። አራሴሊ ዓሣ ስትፈልግ የቤት ሠራተኛዋን ትልካለች። ሉዲቪናም ለልጅቷ ጥሩውን መርጣ ትመዝንላታለች። ስለ እመቤቷ አንድ ቃል አትጠይቃትም።